መጽሐፉን በቢላ ፈትኑት፣ ገደሉን በገርዓልታ ውጡት

መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ብዙ ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት ወሬ ይነሣል፦ ዘንድሮ ለገና ዕረፍት የት እንሂድ? አንዱ ላንጋኖ ይላል፣ ሌላው ሐዋሳ። በዚህ መሀል ከልጆቹ ትልቁ ስልኩን ያወጣና የአቡነ የማታ ጉህን ፎቶ ያሳያል። ቀይ ዓለት ሽቅብ ቆሟል፤ ከጫፉ አጠገብ አንድ ሰው በባዶ እግሩ ገደል ዳር ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ላንጋኖን የሚያነሣ የለም።

እናንተም ቤት ወሬው እዚህ ደርሶ ከሆነ ከአውሮፕላን ትኬቱና ከስፖርት ጫማው በፊት አንድ ነገር ግዙ፤ ካልሆነም ተዋሱ። ጥሩ የጉዞ መመሪያ መጽሐፍ።

"ስልክ እያለ ምን መጽሐፍ ያስፈልጋል?" ትሉ ይሆናል። በስልክ የምናየው ፎቶ የደረሱ ሰዎች ያነሡት ነው። ጫፍ ላይ ቆመው ሲስቁ እናያለን እንጂ ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ፣ ወይም ሲወርዱ እግራቸውን የት እንደሚያሳርፉ ሲጨንቃቸው አናይም። ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ ደግሞ ስልኩ የእጅ ባትሪ ብቻ ነው። መጽሐፍ ተቀምጦ ይነበባል፣ ለባለቤት ይነበባል፣ ይሰመርበታል፣ "ይህን አንብበሻል?" ተብሎ ይከራከሩበታል። ቤተሰብ ይዞ ገደል ለሚወጣ ሰው ይህ ክርክር ቤት ውስጥ ቢያልቅ ይሻላል።

ጥያቄው ታዲያ የቱን መጽሐፍ የሚለው ነው።

የማታውቁትን በምታውቁት መዝኑ

ሐውዜንን አይቶ የማያውቅ ሰው ስለ ሐውዜን የተጻፈው እውነት ይሁን አይሁን በምን ያውቃል? አያውቅም። ስለዚህ መጽሐፉን ስታነሡ በትግራይ ገጾች አትጀምሩ። መጀመሪያ የራሳችሁን አገር ገጽ ክፈቱ። ያደጋችሁበትን፣ ወይም አያቶቻችሁ ያሉበትን፣ በዓል በመጣ ቁጥር የምትሄዱበትን። ጸሐፊው በደንብ የምታውቁት ቦታ ላይ ጠንቃቃ ከሆነ በማታውቁትም ላይ ጠንቃቃ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። እናንተ በምታውቁት ላይ ከዘላበደ ግን ገደል ላይ አትመኑት።

የእኔ መፈተኛ ቢላ ናት፣ የእናቴ አገር።

ወደ ቢላ ለመሄድ ከአዲስ አበባ በምዕራብ በኩል ትወጣላችሁ። ሆለታን፣ አምቦን፣ ጉደርንና ባኮን አልፋችሁ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ነቀምቴ ትደርሳላችሁ። ከነቀምቴ በኋላ መንገዱ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርዳል። መስኮቱ ይከፈታል፣ ጃኬት ይወልቃል፣ ልጆች "ውሃ" ማለት ይጀምራሉ። ወንዙን ተሻግራችሁ እንደገና ሽቅብ ወደ ጊምቢ ስትወጡ አየሩ ይቀዘቅዛል። ከጊምቢ ወዲያ የቦጂ ምድር ነው፤ ቢላም እዚያ ናት። ቡና ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ቀይ አፈር፣ ክረምት ላይ ከጫማ የማይላቀቅ ጭቃ። አያቴን "አኮ" ነው የምንላት፤ ደጃፏ ስንደርስ መጀመሪያ የምትጠይቀን ስለ መንገዱ ሳይሆን ስለ ሆዳችን ነው።

አንድ መመሪያ መጽሐፍ ቢላን በስም ባይጠቅስ አልፈርድበትም። ትንሽ ከተማ ናት፤ አገሪቱ ደግሞ ሰፊ ናት። የወለጋን ገጾች ሳነብ ግን አምስት ነገር አያለሁ።

የመጀመሪያው ስም ነው። "ቢላ" የሚለው ስም በወለጋ ከአንድ ቦታ በላይ ይገኛል፤ በምሥራቅ ወለጋ ጉደያ ቢላ የሚባል ወረዳ አለ፣ የእኛዋ ቢላ ደግሞ በምዕራብ ናት። ሁለቱን ያምታታ ሰው የአንድ ቀን መንገድ ይሳሳታል። ነቀምቴም ራሷ ለቀምት ትባል ነበር፤ ቡና ነጋዴዎች እስከ ዛሬ የወለጋን ቡና በዚያ ስም ይሸጣሉ። ጥሩ መጽሐፍ አሮጌውንም አዲሱንም ስም ይሰጣችኋል። በትግራይ ገጾችም ይህንኑ ጠብቁ፤ አንዱ ተራራ በሦስት ዓይነት የላቲን ፊደል አጻጻፍ ሲመጣ ለሾፌር ምን ብላችሁ ትነግሩታላችሁ?

ሁለተኛው ወቅት ነው። ወለጋ ዝናቡ የሚበዛና ቶሎ የማይለቅ አገር ነው። "ዓመቱን ሙሉ ለጉብኝት የሚመች" ብሎ የሚያልፍ መጽሐፍ በሐምሌ መኪና ገፍቶ አያውቅም ማለት ነው።

ሦስተኛው ምግብ ነው። አንጮቴንና ጩምቦን ያውቃል ወይስ ከአዲስ አበባ ሆቴል ዝርዝር ገልብጦ ጥብስና ፓስታ ብቻ ጽፏል? ምግቡን የቀመሰ ሰው ቤት ገብቷል፤ ቤት የገባ ሰው ደግሞ ጠይቋል።

አራተኛው ታሪክ ነው። ነቀምቴን የመኪና ማደሪያ አድርጎ ያልፋታል ወይስ የኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥት ያሳያችኋል? እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎመው ኦነሲሞስ ነሲብ በዚህች ከተማ አስተምሮ በ1931 እዚሁ ማረፉን፣ አስቴር ጋኖም በሥራው አብራው እንደደከመች ይናገራል? የከተማን ሰዎች የማያውቅ መጽሐፍ ከተማውን አያውቀውም።

አምስተኛውና ትልቁ ሐቀኝነት ነው። ጸሐፊው "ከዚህ ወዲያ አልሄድኩም፣ የሰማሁትን ነው የምጽፈው" የሚልበት ቦታ አለ? እንዲህ የሚል ጸሐፊ ስታገኙ ያዙት። አገር ሁሉ ዞሬያለሁ ከሚለው ይልቅ የደረሰበትን የሚያውቅ ይሻላል።

ቅጽሎቹን ቁጠሩ

በሙያዬ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ ሽፋን ላይ የሚጻፈው ለምን እንደሚጻፍ አውቃለሁ። "አስደናቂ"፣ "የማይረሳ"፣ "ሕይወት የሚቀይር" የሚሉት ቃላት እቃውን ከመደርደሪያ ያነሣሉ። ገደል ላይ ግን አይረዱም።

ስለዚህ እርሳስ ይዛችሁ አንድ ገጽ ምረጡ። ቅጽሎቹን አክብቡ፣ ከዚያ መረጃዎቹን አስምሩ። "አስፈሪ መንገድ" ቅጽል ነው። "ጫማ ታወልቃላችሁ፣ ጥቂት ሜትር ቀጥ ያለ ግድግዳ በተቦረቦሩ ጉድጓዶች ትወጣላችሁ፣ ከዚያ በጠባብ የዓለት ጠርዝ ትሄዳላችሁ" መረጃ ነው። የመጀመሪያው ሊያስደነግጣችሁ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ለመወሰን ያስችላችኋል። ክብቦቹ ከመስመሮቹ ከበዙ መጽሐፉን መልሱት።

ሦስት ዓይነት መጽሐፍ አለ

መደብር ስትገቡ ሁሉም "ስለ ኢትዮጵያ ጉዞ" ተብለው አንድ ላይ ይደረደራሉ። ሥራቸው ግን ይለያያል።

አንደኛው አጠቃላይ መመሪያ ነው። ስለ ኢትዮጵያ በብዛት የሚነበቡት ሁለቱ ፊሊፕ ብሪግስ የጻፈውና በብራድት አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1995 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው መጽሐፍ፣ እንዲሁም የሎንሊ ፕላኔት መመሪያ ናቸው። ታሪክ፣ መንገድ፣ ማደሪያ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ መግለጫ ሁሉ አላቸው። ለቤተሰብ ጉዞ የሚያስፈልገው በዋናነት ይህ ዓይነት ነው።

ሁለተኛው የጉዞ ትረካ ነው። አሜሪካዊቷ ዓለት ወጪ ማይካ በርካርት ከጓደኞቿ ጋር በትግራይ አሸዋ ድንጋይ ላይ ያደረገችውን ጉዞ እ.ኤ.አ. በ2008 "ቨርቲካል ኢትዮጵያ" በሚል መጽሐፍ አውጥታለች፤ ፎቶዎቹ ያማሩ ናቸው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ፍላጎት ያነሣሣል፤ እናንተን ግን ጫፍ አያደርስም። ባለ ሙያ ገመድና መሣሪያ ይዞ የወጣውን ሲያነቡ "እኛም እንችላለን" ማለት ሌላው ሲዋኝ አይቶ ወንዝ እንደ መግባት ነው።

ሦስተኛው የዓለት መውጫ መመሪያ ነው፤ በገመድ ለሚወጡ ስፖርተኞች የሚዘጋጅ። በሥዕል መስመሩን ያሳያል፣ ርዝመቱን፣ መሣሪያ የሚያዝበትን ቦታና የመውረጃውን መንገድ ይናገራል፣ ክብደቱንም በደረጃ ይሰጣል። ደረጃው እንደ አገሩ ይለያያል፦ የፈረንሳዩ 6ሀ ብሎ በቁጥርና በፊደል ሲጽፍ የአሜሪካው 5.10 ይላል። ልጃችሁ ውጭ አገር ከሚኖር የአጎቱ ልጅ ሰምቶ በገመድ መውጣት ካማረው ይህን መጽሐፍ ማንበብ የሚያስተምር ባለ ሙያ ያስፈልገዋል፤ መጽሐፉ ብቻውን አይበቃም። አብያተ ክርስቲያናቱ ያሉባቸው ዓለቶችም ጸሎት የሚደረስባቸው ናቸው፤ የስፖርት ግድግዳ አድርጎ ማየት ነውር ነው።

የገርዓልታው ገጽ ምን ሊነግራችሁ ይገባል

መጽሐፉ የወለጋን ፈተና ካለፈ አሁን ወደ ትግራይ ገጾች ሂዱ። የአቡነ የማታን ገጽ ክፈቱና እነዚህን ፈልጉ።

መነሻውን ይነግራችኋል? ጉዞው ከመቀሌ በውቅሮ በኩል ወደ ሐውዜን፣ ከዚያ ወደ መጋብ ነው፤ የአካባቢው አስጎብኚዎችም እዚያው ይገኛሉ። ከግርጌ እስከ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ይናገራል? ለጤነኛ ሰው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ልጅ ወይም ትልቅ ሰው ካለ ግን ጨምሩበት። ገመድ በሌለበት ግድግዳውን በእጅና በእግር መያዣ እንደሚወጣ፣ የመጨረሻው ጠርዝ ጠባብ እንደሆነና ከሥሩ ያለው ገደል ከ200 ሜትር በላይ እንደሚባል ይገልጻል? ስለ መውረድ ይጽፋል? ብዙ ሰው የሚፈራው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጡ ዓይን ዓለቱን ያያል፣ ሲወርዱ ግን ባዶውን።

ስለ ዝናብስ? አሸዋ ድንጋይ ሲርስ ጥንካሬው ይቀንሳል፤ ገጹም ያንሸራትታል። በክረምት ወይም ዝናብ በጣለ ማግስት እንዳትወጡ የማይነግር መጽሐፍ ጎደሎ ነው።

ሥርዓቱንም ፈልጉ። ቤተ ክርስቲያን መሆኑን፣ አለባበሱን፣ ቄሱ በሌሉ ጊዜ በሩ እንደማይከፈት፣ እጅ ይዘው ለሚያወጧችሁ የአካባቢው ልጆች ክፍያ ማዘጋጀት እንደሚገባ። ደብረ ዳሞን የሚጠቅስ ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር አብሮ ሊናገር ይገባል፦ 15 ሜትር ያህሉ በገመድ እንደሚወጣና ሴቶች እንደማይገቡ። እናት ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ እዚያ ድረስ ሄዳ ከሥር እንድትቀር ያደረገ መጽሐፍ የበደለው ቤተሰቡን ነው።

በአቡነ የማታ እናቶች ጨቅላዎቻቸውን አዝለው ክርስትና ለማስነሣት እንደሚወጡ ታነቡ ይሆናል። እውነት ነው፤ ያስደንቃልም። ግን የእነርሱ እግር ከልጅነት ጀምሮ ዓለቱን ያውቀዋል። የእኛ ልጆች የሚያውቁት የኮንዶሚኒየም ደረጃ ነው። የአገሬው ሰው መቻሉ ለእኛ መለኪያ አይሆንም።

የታተመበትን ዓመት ሳታዩ አትክፈሉ

የወተት ማሸጊያ ላይ ቀን እንደምታዩት የመጽሐፍ ሁለተኛ ገጽ ላይም እዩ። የሎንሊ ፕላኔት ስድስተኛ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ የብራድት ስምንተኛ እትም ደግሞ በ2018 መጨረሻ። ሁለቱም የትግራይ ጦርነት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት የተጻፉ ናቸው። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ በመካከሉ ሰዎች አልፈዋል፣ ቤቶች ፈርሰዋል፣ ሥራዎች ቆመዋል።

ይህ ማለት መጽሐፎቹን ጣሉ ማለት አይደለም። በውስጣቸው ያለውን ግን በሦስት ክፈሉት። የማያረጀው ዓለቱ፣ ርቀቱ፣ የሥዕሎቹ ታሪክና የመውጫው አካሄድ ነው፤ እሱን እመኑ። ቀስ ብሎ የሚያረጀው የገበያ ቀን፣ የመንገድ ዓይነትና የአስጎብኚዎች አሠራር ነው፤ እሱን አረጋግጡ። ወዲያው የሚያረጀው ዋጋ፣ የሆቴል ስም፣ ስልክና ጸጥታ ነው፤ እሱን ከመጽሐፍ አትውሰዱ።

ወለጋም በቅርብ ዓመታት የጸጥታ ችግር ያየ አካባቢ ነው። እኛ ወደ ቢላ ከመነሣታችን በፊት ማንም መጽሐፍ አይከፍትም፤ አጎቴ ጋር ይደወላል። "መንገዱ እንዴት ነው?" ይባላል። እሱ "ኑ" ካለ እንሄዳለን፣ "ትንሽ ቆዩ" ካለ እንቆያለን፤ ለምን ብሎ የሚከራከረው የለም። በገርዓልታም አጎት ፈልጉ። መቀሌ የሚኖር የሥራ ባልደረባ፣ ሐውዜን ቤተሰብ ያለው ጎረቤት፣ ወይም በቅርብ ሰው ወስዶ የመለሰ አስጎብኚ። የትናንቱን ከመጽሐፍ፣ የዛሬውን ከሰው ጠይቁ።

ለማን ተብሎ ተጻፈ?

ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ የጣሊያን የቱሪዝም ማኅበር ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ ወፍራም የጉዞ መመሪያ አሳትሞ ነበር። መንገዱ፣ ርቀቱ፣ ካርታው ሁሉ በዝርዝር የተጻፈበት መጽሐፍ ነው። መሬቱን እየለካ የሚጽፈው ግን ለወራሪው ነበር። ትክክለኛ ኪሎ ሜትር መጻፍ ብቻውን እውነተኛ መጽሐፍ አያደርግም።

ዛሬም ጠይቁ፦ ይህ ገጽ የተጻፈው ለብቻው ለሚዞር ወጣት ነው ወይስ ልጅ ለያዘ ሰው? የአካባቢውን ሰው እንደ ባለ አገር ያየዋል ወይስ እንደ ፎቶ ማጀቢያ? ሐውዜን ሲደርስ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በገበያ ቀን ከሰማይ የወረደባትን ቦምብ ያነሣል? ልጆቻችሁን ይዛችሁ በዚያ ገበያ ስታልፉ የቆማችሁበትን መሬት ማወቅ አለባችሁ።

በቤታችን የተወሰነው

እኛ ለመሄድ እየተዘጋጀን ነው፤ ክርክሩም አላለቀም ነበር። እናቴ በስድሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ናት፤ ጉልበቷ ደረጃ አይወድም፤ ልቧ ግን የቢላን ዳገት ስትወጣ ያደገች ናት። ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ምንም አይፈራም። ለእኔ የሚያስፈራኝም እሱ ነው፤ ፍርሃት የሌለው ልጅ ጠርዝ አያይም።

መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አንድ ላይ አነበብነው። እናቴ ስለ መያዣዎቹ የሚለውን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝና "መውጣቱንስ እወጣ ነበር፤ የሚያወርደኝ ማን ነው?" አለች። ማንም "አትሂጂ" ሳይላት ራሷ ወሰነች። ከሰው አፍ ቢመጣ ኖሮ ትቀየም ነበር።

እንዲህ ተስማማን። ውቅሮ ጨርቆስን ሁላችንም እናያለን፤ መኪና ደጁ ድረስ ይደርሳል። ወደ ማርያም ቆርቆር ዳገቱ አድካሚ ቢሆንም በእግር የሚወጣ ስለሆነ ልጄ ከእኔና ከአስጎብኚ ጋር ይሞክራል፤ ከደከመው እንመለሳለን። አቡነ የማታን የምንወጣው ትልልቆቹ ብቻ ነን፤ እሱም ሁለት ተራ ሆነን፣ አንዱ ወላጅ ሁልጊዜ ከልጁ ጋር እንዲሆን። ጠርዙ ጋ ደርሶ "አልችልም" ያለ ሰው ይመለሳል፤ ማንም አይገፋፋውም፣ ማታ እራት ላይም አይቀለድበትም። ይህን የመጨረሻውን ያስጨመረችው እናቴ ናት።

እናንተም ከመነሣታችሁ በፊት ይህን ስምምነት ቤት ውስጥ ጨርሱት። ገደል አፋፍ ላይ ቤተሰብ አይሰበሰብም።

መጽሐፉን ስትይዙ ደግሞ ባዶ ገጾቹን አትርሱ። በስንት ደቂቃ እንደወጣችሁ፣ ልጁ የት እንደደከመው፣ የትኛው መንገድ እንደፈረሰ፣ ማን በደንብ እንደረዳችሁ ዳር ላይ ጻፉ። ጥሩ አሳታሚዎች የአንባቢን ማስተካከያ ይቀበላሉ፤ ቀጣዩ እትም ከእናንተ እርሳስ ሊጀምር ይችላል። ለራሳችሁም አገር እንዲሁ አድርጉ። እናቴ ስለ ቢላ አንድ ገጽ እንድትነግረኝ ጠይቄያት ነበር፤ መንገዱን፣ የጭቃውን ወራት፣ አንጮቴው የሚጣፍጥበትን ጊዜ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሰናል። የእናንተን ከተማ ገጽስ ማን ይጻፈው?